ጥልጥልያ የት ነው?

ልጅ ሳለሁ ጥልጥልያ የምትባል አገር ነበረችኝ። ካርታ ላይ የለችም፤ የጂኦግራፊ መምህራችንም ስሟን አንስተው አያውቁም። እኔ የማገኛት በዓመት አንዴ፣ ታኅሣሥ 22፣ ብርዱ አጥንት ዘልቆ በሚገባበት ጠዋት ነው። ከአያቴ ነጠላ ሥር ተወሽቄ ቄሱ ተአምረ ማርያም ሲያነቡ እሰማለሁ። በጥልጥልያ ደቅስዮስ የሚባል ኤጲስ ቆጶስ ነበረ፤ እመቤታችንን ይወዳታል፤ እሷም ልብስና ወንበር ሰጠችው። የቀረው በእንቅልፍና በብርድ መሀል ያልፈኛል። የአገሪቱ ስም ግን ጆሮዬ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጥልጥልያ ሲባል ከሰማይ በገመድ የወረደች፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር የምትወዛወዝ ከተማ ትታየኛለች። ሰዎቿ ውሃ እንዴት እንደሚቀዱ ያሳስበኝ ነበር።

«እማማ፣ ጥልጥልያ የት ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ሩቅ ነው ልጄ» አሉኝ። «ዝም ብለህ ስማ።»

ይህ መልስ ብዙ ዘመን በቃኝ።

ሌላውን መልስ ያገኘሁት ካደግሁ በኋላ፣ ያውም ዘፈን ስፈልግ ነው። አንድ ምሽት የስፔንን የጥንት ሙዚቃ የሚጫወቱ ሰዎችን በስልኬ ሳዳምጥ አንዱ ዜማ ያዘኝ። ከበሮ አለው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ስለ ምን እንደሚዘፍኑ ለማወቅ ትርጉሙን ብፈልግ እንዲህ ይላል፦ በቶሌዶ ከተማ አንድ ሊቀ ጳጳስ ነበረ፤ ስለ ድንግል ማርያም ጻፈ፤ እሷም ተገልጣ የቅዳሴ ልብስ ሰጠችው፤ ከእሱ በኋላ የተሾመው «እኔስ ከማን አንሳለሁ» ብሎ ልብሱን ቢለብስ ሞተ። ስልኬን አስቀመጥኩ። ይህን ታሪክ ከአያቴ ነጠላ ሥር ሰምቼዋለሁ!

ዐረቦች ቶሌዶን «ጡለይጡላ» ይሏታል። ይህን ስም በግዕዝ አፍ አንድ ጊዜ ብቻ ማላመጥ ነው፤ ጥልጥልያ ትሆናለች። ጳጳሱ ከ657 እስከ 667 የቶሌዶ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ኢልዴፎንሶ ነው (ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የማርያም ተአምራት በላቲንና በፈረንሳይኛ ተሰብስበው በምሥራቁ የሜድትራንያን ዳርቻ ወደ ዐረብኛ ተገለበጡ፤ ከግብፅ ደግሞ በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ 14ኛው መቶ ዓመት ሊያልቅ 15ኛው ሊጀምር ሲል፣ ወደ ግዕዝ ገቡ። የጳጳሱ ስም በየአፉ እየተላጨ ደቅስዮስ ሆኖ ደረሰን። ስፔኖቹ ስለ ድንግልናዋ ጻፈ የሚሉለትን ሰው፣ የእኛ መጽሐፍ የተአምሯን መጽሐፍ ራሱን የጻፈ ያደርገዋል። መንገድ ላይ የጠፋ ነገር ቢኖር እንኳ የተጨመረውም ቀላል አይደለም።

የከተማዋን ፎቶግራፍ ሳይ ሳቅሁ። ቶሌዶ በአለት ራስ ላይ ተቀምጣለች፤ ታኾ የሚባለው ወንዝ በሦስት አቅጣጫ በገደል ሥር ከቧታል። ተንጠልጥላለች ቢባል ሐሰት አይሆንም። የውሃው ጭንቀቴም የእኔ ብቻ አልነበረም፤ በ16ኛው መቶ ዓመት ኹዋኔሎ ቱሪያኖ የሚባል መሐንዲስ ከወንዙ እስከ ከተማዋ አናት ውሃ የሚያወጣ ማሽን ሠርቶላታል።

ያ የሰማሁት ዜማ ካንቲጋስ ዴ ሳንታ ማሪያ ከሚባለው ስብስብ የመጣ ነው። ያሠራው ከ1252 እስከ 1284 የካስቲልያ ንጉሥ የነበረው አልፎንሶ 10ኛ ነው፤ «ጠቢቡ» ይሉታል። ሕግ ያጻፈ፣ የከዋክብት ሠንጠረዥ ያሠራ፣ ስለ ቼዝ ጨዋታ እንኳ መጽሐፍ ያዘጋጀ ሰው ነው። የማርያም ዝማሬዎቹ መጀመሪያ 100 ነበሩ፤ እየጨመሩ ከ400 በላይ ሆኑ። ዘጠኙ ተአምር ይተርካሉ፤ አሥረኛው ምስጋና ነው፤ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ እስከ መጨረሻው እንዲሁ ይሄዳል። መክፈቻው ዝማሬ ደስታዎቿን ይቆጥራል፤ ከእሱ ቀጥሎ፣ ሁለተኛው ቁጥር ላይ፣ የመጀመሪያው ተአምር የማን ቢሆን ጥሩ ነው? የኢልዴፎንሶ! የእኛም ተአምረ ማርያም ተአምራቱን የሚጀምረው በደቅስዮስ ነው። ሁለት መጻሕፍት፣ አንዱ በሴቪልያ አንዱ በኢትዮጵያ፣ ሳይተያዩ በአንድ ሰው በር ገብተዋል።

ሌላም ያስተዋልሁት ነገር አለ። አልፎንሶ ሕጉን ያስጻፈው በካስቲልያ ቋንቋ ነው፤ ዝማሬውን ግን በጋሊሲያና በፖርቱጋል ቋንቋ አደረገው፤ ለዘፈን የሚመቸው እሱ ነው ተብሎ ስለሚታመን። ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ ምንም አይደንቀውም። የእኛ ነገሥታት ዜና መዋዕላቸው በግዕዝ ሲጻፍ ለዐምደ ጽዮንና ለይስሐቅ የተዘፈነው የወታደር ዘፈን በአማርኛ ነበር። ሕግና ታሪክ አንድ አፍ አላቸው፤ ዘፈን ሌላ።

የዝማሬዎቹ አሠራር ደግሞ እንዲህ ነው፦ አዝማች ይቀድማል፤ አንዱ ታሪኩን ያወርዳል፤ አዝማቹ ይመለሳል። ይህ ቅርጽ አንዳሉስ በምትባለው የሙስሊሞች ስፔን ገበያዎች ዘጀል በሚባለው የሕዝብ ግጥም ዘንድ የታወቀ ነው፤ ማን ከማን ወሰደው የሚለውን ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኔ ለክርክሩ አቅም የለኝም። አዝማች ያለው ዘፈን ተቀባይ እንደሚፈልግ ግን ሠርግ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቃል። አውጪው የቱንም ያህል ድምፀ መረዋ ቢሆን ተቀባይ ካጣ ዘፈኑ መሀል ሜዳ ላይ ይቀራል።

ከእነዚህ ዝማሬዎች አንዱ ንጉሡ ራሱ የታመመበት ነው። ቪቶሪያ በምትባል ከተማ ሕመም ጣለው፤ ሐኪሞቹ ትኩስ ጨርቅ ይደረግበት አሉ። እሱ አይሆንም አለ፤ የማርያምን የዝማሬ መጽሐፍ አምጡና ጫኑብኝ አለ። ጫኑበት፤ ሕመሙም ለቀቀው። አያቴ ራሳቸውን ሲያማቸው ቄሱ መጽሐፉን ራሳቸው ላይ እንዲያሳርፉላቸው ሲጠብቁ ትዝ አሉኝ። ንጉሡና አያቴ ስለ መድኃኒት አንድ ሐሳብ ነበራቸው። አልፎንሶ ሊሞት ሲል ባስጻፈው ኑዛዜ መጻሕፍቱ በሚቀበርበት ቤተ ክርስቲያን ይኑሩ፣ በማርያምም በዓላት ይዘመሩ አለ። ይኑሩ ብሎ ቢያቆም ኖሮ ለቤተ መጻሕፍት መናዘዝ ይሆን ነበር። ይዘመሩ ማለቱ ተቀባይ መለመኑ ነው።

ስምንተኛው ዝማሬ ደግሞ የአዝማሪ ነገር ነው። ፔድሮ ዴ ሲግላር የሚባል፣ በደጋን የሚመታ መሣሪያ ይዞ አገር ለአገር የሚዞር ሰው በፈረንሳይ ሮካማዱር ከሚባለው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ዘፈነላት። ሲጨርስ ከሻማዎቿ አንዱን እንድትሰጠው ለመናት። ሻማው ወርዶ መሣሪያው ላይ ቁጭ አለ። ጠባቂው መነኩሴ ተቆጣ፤ «አንተ ጠንቋይ» ብሎ ነጥቆ ወደ ቦታው መለሰው። አዝማሪው ምንም ሳይመልስ እንደገና ዘፈነ፤ ሻማውም እንደገና ወረደ። በመጨረሻ ሕዝቡ መነኩሴውን ያዘው፤ እሱም ይቅርታ ጠየቀ። ይህን ሳነብ በእኛም አገር ማሲንቆውን አንግቶ በበዓል ቀን ከቅጥሩ ውጪ የሚቆመውን ሰው አሰብሁ። ታሪኩን ያሠራው ንጉሥ ቤቱ በአዝማሪዎች የተሞላ ነበርና ለማን እንዳደላ ግልጽ ነው።

ከአራቱ የካንቲጋስ የብራና ቅጂዎች ሁለቱ በኤል ኤስኮሪያል ገዳም ይገኛሉ። በአንደኛው በየአሥረኛው ዝማሬ ራስ ላይ የሙዚቀኞች ሥዕል አለ፤ በጠቅላላው 40 ሥዕል ነው። ማሲንቆ የለመደ ዓይን እዚያ አይቸገርም፤ ደጋን የያዘ እጅ የትም ቢሆን ደጋን የያዘ እጅ ነው። አንዱ ሥዕል ላይ ግን ቆየሁ። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ባለ አውታር መሣሪያ ይጫወታሉ። አንዱ ጥምጣም ያደረገ ሙስሊም ነው፤ ሌላው ክርስቲያን። መሀላቸው ማሰሮ ተቀምጧል። የሚያስተያዩአቸው ጣቶቻቸው ናቸው፤ አብሮ መጫወት ደግሞ አብሮ ካልተደመጠ አይሆንም።

መሣሪያዎቹ የመጡበትን መንገድ ስማቸው ይናገራል። ዐረቦች «አል ዑድ» ያሉት፣ እንጨት ማለት ነው፣ በስፔን ላኡድ ሆነ። በደጋን የሚመታው ረባብ ራቤል ተባለ። በ822 ከባግዳድ ተነሥቶ ኮርዶባ የደረሰ ዚርያብ የሚባል ዘፋኝ ነበር፤ ስሙ ጥቁር ወፍ ማለት ነው፣ ለፊቱ ጥቁረትና ለድምፁ ጣዕም ያወጡለት ነው ይባላል። ለዑድ አምስተኛ አውታር የጨመረው እሱ ነው ይሉታል። የማዕድ አቀራረብ፣ የፀጉር አቆራረጥ ሳይቀር አስተማረ እየተባለ ይወራለታል። ሕዝብ የወደደውን ዘፋኝ ከዘፈን በላይ ያሸክመዋል፤ ይህም የትም ያለ ነው።

ማሰሮውን አይቼ ግን ሁሉ ነገር ፍቅር ነበር ልል አልፈልግም። የአልፎንሶ አባት ፈርናንዶ 3ኛ ሴቪልያን ከሙስሊሞች የወሰዳት ከበባ አድርጎ በ1248 ነው። ከካንቲጋስ ውስጥም ሙስሊሞችንና አይሁድን የሚያንቋሽሹ ጥቂት አይደሉም። በ1492 ግራናዳ እጅ ሰጠች፤ በዚያው ዓመት አይሁድ ወይ ተጠመቁ ወይ ውጡ ተባሉ። የወጣው ሰው ቤቱን ትቶ፣ እርሻውን ትቶ ሄደ። ዘፈን ግን ጉምሩክ የለውምና አብሮ ወጣ። ዛሬ በአልጄሪያ ትለምሴን ከተማ የሚጫወቱት ክላሲካል ሙዚቃ «ጋርናጢ» ይባላል፤ የግራናዳው ማለት ነው። የስፔን አይሁድ የልጅ ልጆች በተሰሎንቄና በሞሮኮ ቴቱዋን በድሮው ስፔንኛ ስለ ካስቲልያ ባላባቶች ሲያንጎራጉሩ ኖሩ፤ ካባረረቻቸው አገር ይበልጥ እነሱ ዘፈኖቿን ጠበቁላት። አባራሪ ከተማ ያስቀራል፤ ተባራሪ ዜማ ይዞ ይሄዳል።

እቤቱ ተቀምጦ የሞተ ዜማም አለ። ኢልዴፎንሶ በቶሌዶ የቀደሰበት የጥንቱ የስፔን ሥርዓት የራሱ ዜማ ነበረው። በ1080 በቡርጎስ የተሰበሰበ ጉባኤ ያ ሥርዓት ቀርቶ የሮማው እንዲገባ ወሰነ። ከዚያ በፊት ሁለቱ መጻሕፍት በእሳት ተፈተኑ የሚል ታሪክ ይነገራል፦ የቶሌዶው መጽሐፍ ከእሳቱ ዘሎ ወጣ፤ ንጉሡ አልፎንሶ 6ኛ ግን በእግሩ መልሶ ከተተው። ሕግ ንጉሥ ወደ ወደደበት ይሄዳል የሚለውን የስፔኖች ተረት ከዚህ ያያይዙታል። ቶሌዶ ውስጥ ጥቂት አጥቢያዎች የድሮውን ይዘው ቆዩ፤ ዛሬም በካቴድራሉ አንድ ክፍል በዚያ ሥርዓት ይቀደሳል። ዜማው ግን ተበጥሷል።

ብራናው ሳይጠፋ ነው ይህ ሁሉ የሆነው። በ10ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ ትልቅ የዝማሬ መጽሐፍ በሌዎን ካቴድራል አለ፤ በቃላቱ ራስ ላይ እንደ ወፍ እግር፣ እንደ ቅንድብ፣ እንደ ተጠቀለለ ክር ያሉ ምልክቶች ተደርድረዋል። ድምፁ ሲወጣና ሲወርድ ያሳያሉ፤ ምን ያህል እንደሚወጣ ግን አይናገሩም። ጸሐፊው ያንን አልጻፈም፤ ዘማሪው ያውቀዋላ! አንድ ትውልድ ሳይቀበል ሲቀር ምልክቱ ዲዳ ሆነ። ከጥቂቶቹ በቀር ዛሬ የሚያነባቸው ሰው የለም።

የእኛም ድጓ ምልክት አለው፤ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳበጁት ይነገራል። ምልክቱን ብቻ ለፈረንጅ ሊቅ ብትሰጠው እሱም እንደ ሌዎኑ ያፈጥበታል። ልዩነቱ በየዜማ ቤቱ መሪጌታው ፊት የሚቀመጠው ተማሪ ነው፤ ቁራሽ ለምኖ የሚያድር፣ የተሳሳተውን ቃል አሥር ጊዜ የሚደግም ተማሪ። ጥሪቱ ጆሮው ነው። እሱ አንድ ትውልድ ቢቀር ድጓውም እንደ ሌዎኑ መጽሐፍ የቅንድብ ሥዕል ይሆናል።

ሳይጠበቅ ተቀባይ ያገኘም አለ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ማድሪድ ውስጥ አንድ መጽሐፍ ሻጭ የአሮጌ መጽሐፍ ሽፋን ሲፈታ ከውስጡ ብራና አገኘ። ማርቲን ኮዳክስ የሚባል ባለ ቅኔ በ13ኛው መቶ ዓመት የደረሳቸው ሰባት ዘፈኖች ናቸው፤ በቪጎ ባሕር ዳርቻ ወዳጇን የምትጠብቅ ሴት ትናገርባቸዋለች። ስድስቱ ከነዜማቸው ናቸው፤ ለአንዱ ዜማው አልተጻፈለትም። የሽፋን ማጠንከሪያ የነበረው ቁራጭ ዛሬ ይዘፈናል።

እስከ ዛሬ ተቀባይ ያላጣም አለ። በደቡብ ምሥራቅ ስፔን ኤልቼ በምትባል ከተማ ነሐሴ ሲገባ፣ በእነሱ ኦገስት 14 እና 15፣ የማርያም ዕረፍትና ዕርገት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዜማ ይታያል። መድረኩ ባዚሊካው ራሱ ነው። ከጉልላቱ ሮማን የሚመስል ነገር ይወርዳል፤ ይከፈታል፤ ውስጡ መልአክ አለ። ይህ ጨዋታ ከመካከለኛው ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የመጣ ነው። በሁለተኛው ቀን መጨረሻ ላይ አንድ ሐዋርያ እየሮጠ ይገባል፤ ዘግይቷል፤ ህንድ አገር ሥራ ይዞኝ ነው ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል። ማን እንደሆነ ለማንም ፍልሰታን ለጾመ ሰው መንገር አያስፈልግም። ቶማስ እዚያም ያረፍዳል፤ ሰበቡም ያው ህንድ ነው።

የኢትዮጵያና የስፔን ነገሥታትም በሁለቱ አገሮች መሀል መንገድ በአዋጅ ሊከፍቱ ሞክረው ነበር። የዐፄ ይስሐቅ መልእክተኞች በ1427 ቫሌንሲያ ደርሰው ከአራጎኑ ንጉሥ አልፎንሶ 5ኛ ፊት ቆሙ፤ ጋብቻ ሳይቀር ታሰበ። ንጉሡ በ1450 ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሲጽፍ ግን ቀድሞ የላካቸው 13 የእጅ ባለሙያዎች መንገድ ላይ እንዳለቁ ይናገራል። በዚያን ጊዜ ዘርዐ ያዕቆብ ተአምረ ማርያም በየበዓሉ እንዲነበብ አዝዞ ደቅስዮስ በየደብሩ ይጠራ ነበር። ማኅተም የያዘው ልዑክ ሲቀር፣ ማኅተም የሌለው ተረት ቀድሞ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

ለመሆኑ ደቅስዮስ ለምን በታኅሣሥ 22 ይነሣል? በ656 ቶሌዶ ውስጥ አንድ ጉባኤ ተሰበሰበ። የብስራት በዓል በመጋቢት ሲውል ጾም ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ከገና አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ዲሴምበር 18፣ ይከበር ተባለ። የእኛ መጽሐፍም በዓሉን ያመጣው ደቅስዮስ ነው፣ ምክንያቱም ጾሙ ነው ይላል። ኢልዴፎንሶ የተሾመው ከጉባኤው በኋላ ነው፤ ትረካ ግን መልካም ሥራን ለሚወደው ሰው መስጠት ይወዳል። ዲሴምበር 18 በድሮው የዩልዮስ አቆጣጠር ሲሰላ ስንት ይመጣል? ታኅሣሥ 22። ቀኑ ራሱ ነው፤ የቶሌዶ ጳጳሳት የቆረጡት ቀን ሳይዛነፍ እኛ ዘንድ ይውላል። ዛሬ ፈረንጆቹ የዓመታቸውን ማብቂያ ለማክበር ሻምፓኝ በሚያቀዘቅዙበት ቀን ላይ የሚያርፈው እነሱ አቆጣጠራቸውን ስለቀየሩ ነው።

ስፔን ውስጥ ያ በዓል ዛሬም በዲሴምበር 18 አለ። ስሙ «የኦ እመቤት» ነው። ኦ ምንድን ነው ቢሉ ፊደል ነው፤ ድምፅ ነው። በገና ዋዜማ ሰሞን የማታው ጸሎት ዝማሬዎች በኦ ይጀምራሉ፤ ዘማሪዎቹም ናፍቆታቸውን ለመግለጥ ኦ እያሉ ያስረዝሙት ነበርና በዓሉ በዚያ ተጠራ። ማሪያ ዴ ላ ኦ ተብለው የተሰየሙ ሴቶች አሉ። ግዕዝም ሲጣራ ኦ ብሎ ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ 22 ከእህቴ ልጅ ጋር ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ነበር። ብርዱ ያው የድሮው ነው። ቄሱ ማንበብ ሲጀምሩ ልጁ እጄን ጎተተኝ።

«አጎቴ፣ ጥልጥልያ የት ነው?»

አፌን ከፈትሁ። ስለ አለቱ፣ ስለ ጡለይጡላ፣ ስለ አልፎንሶ፣ ስለ 656 ልነግረው ነበር። ቄሱ ግን ደቅስዮስ ዘንድ ደርሰዋል።

«ሩቅ ነው» አልኩት። «ዝም ብለህ ስማ።»